በቴሌቪዥን ስለተላለፈው መልእክትዎ

ለተከበሩ አቶ አብኔዘር
የድርጅታችን ዋና ሥራ አስኪያጅ
ኮምቦልቻ

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እያልኩ፣ በተለይ መልእክት የሚጽፉባቸው ጣቶችዎ ደህና እንዲሆኑ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ደክሞኛል እንጂ ደህና ነኝ።

አንደኛ፣ የሕንፃ ንድፍ የምሠራበትን ዴስክቶፕ ወስደው ኪስ የሚገባ ኮምፒውተር ስለሰጡኝ አመሰግናለሁ። «የወደፊቱ ተጓዥ ጠረጴዛ አይሸከምም፤ በደረሰበት ስክሪን ላይ ሰክቶ ይሠራል» ሲሉን አጨብጭበናል። እውነትም ዕቃው ከሳሙና አይበልጥም። ስክሪን የለውም እንጂ ሌላ የሚጎድለው የለም።

ሁለተኛ፣ ለሳሊተ ምሕረቱ ደንበኛ ንድፉን እንዳቀርብ አዲስ አበባ ልከው፣ ሩዋንዳ አካባቢ እንግዳ ማረፊያ ስላስያዙልኝ ምስጋናዬ ይድረስዎ። የክፍሌ ቴሌቪዥን እርስዎ የነገሩን የወደፊት ዘመን ገና ስላልደረሰው የኮምፒውተሩን ገመድ አልተቀበለም። የሚቀበለው የምግብ ቤቱ ትልቁ ቴሌቪዥን ብቻ ሲሆን፣ እሱ ላይ ደግሞ እንግዶቹ ኳስ እያዩ ነበር። የማረፊያው ባለቤት ወይዘሮ ኣብርሀት ሥራው ለነገ ጠዋት መድረስ እንዳለበት ስነግራቸው፣ «ኳሱን በስልካችሁ እዩ፤ ልጅቷ ሥራ አለባት» ብለው አስለቀቁልኝ። እንግዶቹም ትንሽ ካጉረመረሙ በኋላ ደረጃና መስኮት ስስል ያዩኝ ጀመር።

ሦስተኛውን ለመጻፍ እጄ ይከብደኛል። ለሰው ኃይል ክፍል ብቻ ሊልኩት አስበው ለሁላችንም የላኩት መልእክት በስክሪኑ ጥግ ብቅ አለ። ለማንበብ መነጽር የፈለገ እንግዳ አልነበረም፦ «ሪሀና ንድፉን አስረክባ ስትመለስ እናሰናብታታለን። እስከዚያ እንዳትሰማ።»

ከመባረሬ ይልቅ ያሳፈረኝ፣ የማላውቃቸው ሰዎች ከእኔ እኩል መስማታቸው ነበር። ወይዘሮ ኣብርሀት አጠገቤ ተቀምጠው፣ «ሪሀናዬ፣ ትቀጥያለሽ ወይስ ትተይዋለሽ?» አሉኝ።

«ንድፉ የእኔ ነው፤ እጨርሰዋለሁ» አልኩ።

«እንግዲያው መጀመሪያ ብዪ» ብለው እራት አቀረቡልኝ። ኳሱ ይከፈት ያለ ሰው ግን አልነበረም።

በማግስቱ አቀረብኩ፤ ደንበኛውም ወደደው። መልእክቱን ወዲያው አጥፍተውት ስለነበር ያላየሁ መስሎዎት፣ ደውለው «ኮራንብሽ፣ ቶሎ ተመለሺ» ስላሉኝ እጅግ አመሰግናለሁ። እኔን ለማሰናበት እንዳይቸገሩም የሥራ መልቀቂያዬን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልዎታለሁ።

ትልልቅ ሐሳቦችዎን በትንንሽ ዕቃ ማደልዎን እንዳያቋርጡ እየተማጸንኩ፣ ከብዙ አክብሮትና ከጥቂት እንቅልፍ ጋር፣

የቀድሞ ባልደረባዎ
ሪሀና ሱሌማን

ድኅረ ጽሑፍ፦ ሃያ ሁለት አካባቢ ላለ ቢሮ ለሥራ ቃለ መጠይቅ ቀርቤ ነበር። ጠያቂዋ ቀድሞ በእርስዎ ሥር የሠራች መሆኗን አላወቅሁም። ለምን እንደምለቅ ስትጠይቀኝ ገና ስምዎን ስጠራ፣ «ይበቃል፣ ሰኞ ጀምሪ» አለችኝ። ለድጋፍዎ አመሰግናለሁ።