ስሌትን ጌዶ ድረስ የወሰዱት እህታችን፦ የመምህርት ሶረቲ ዋቅቶላ የሕይወት ታሪክ

እህታችን መምህርት ሶረቲ ዋቅቶላ ከአባታቸው ከኦቦ ዋቅቶላ ረጋሳና ከእናታቸው ከአዴ ወርቅቱ ሙለታ ጥቅምት 12 ቀን 1979 ዓ.ም. በምዕራብ ሸዋ ጌዶ ከተማ ተወለዱ። አንደኛና ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውንም እዚያው ተከታትለዋል። የከብት ነጋዴው አባታችን የበኩር ልጃቸው ሐኪም እንዲሆኑላቸው ገና በጠዋቱ ወስነው ነበር። እህታችን ግን ደም ሲያዩ የሚሸሹ፣ ቁጥር ሲያዩ ፊታቸው የሚፈካ ልጅ ነበሩ።

በ2000 ዓ.ም. በሒሳብ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ተቀብለው አምቦ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሩ። በ2002 ዓ.ም. ከጤና መኮንኑ ከአቶ ፍጹም ጉደታ ጋር በቤተ ክርስቲያን ጋብቻቸውን ፈጽመው ለሊሳንና አቢጊያን አፍርተዋል። አባታችንም ሐኪሙ በአማች በኩል መጣ ብለው ለጊዜው ተጽናኑ።

በ2006 ዓ.ም. አዲስ አበባ በኮምፒውቴሽናል ሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪያቸውን አገኙ። በተከታዩ ዓመት አምቦ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ማስተማር ጀመሩ። ሙያቸው ወንዝ ሳይሞላ፣ በሽታ ሳይዛመት፣ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ በሒሳብና በኮምፒዩተር አስቀድሞ ማስላት ነው። ይህችን ዓረፍተ ነገር እኔ ታናሽ ወንድማቸው ኦልጅራ ሸምድጄ ነው የያዝኳት። አባታችን ግን በሰርግም በለቅሶም ሲጠየቁ፣ ሐኪም ናት ብለው ይገላገሉ ነበር። ይህ እህታችንን ያሳዝናቸው ነበር። ከማዕረግም ከሹመትም ይልቅ የሚመኙት አባታቸው ሥራቸውን እንዲያውቁላቸው ነበር።

ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ በየክረምቱ ከባልደረቦቻቸው ጋር ጌዶ፣ ሸነንና አዲስ ዓለም እየተጓዙ ተማሪዎችን በኮምፒዩተር ማስላት ያስተምሩ ነበር። በ2009 ዓ.ም. ጌዶ ላይ ኮምፒዩተሮቹ እንደ ተተከሉ መብራት ጠፋ። እህታችን ግን ተማሪዎቹን ሜዳ ላይ አሰልፈው፣ እንግዲያው ኮምፒዩተሩ እናንተ ናችሁ አሏቸው። ለእያንዳንዱ ቁጥር ተሰጠው። በጭብጨባ ምልክት ሁሉም ከግራና ከቀኝ ጎረቤቱ ቁጥር አማካዩን እያሰላ የራሱን ይለውጣል፤ ሙቀት በብረት ውስጥ የሚሄደው እንዲህ ነው። አንድ ሰው ሲጎድል፣ ዳር ቆመው ይመለከቱ የነበሩትን አባታችንን አስገቡ። አባታችን ዕድሜያቸውን ሙሉ ከብት ሲሸጡ የኖሩ ሰው ናቸውና ዋጋ ተጠይቀው ዝቅ ማለትን ከየት ያምጡት? በተጨበጨበ ቁጥር ቁጥራቸውን ከፍ አደረጉ። መቀዝቀዝ የነበረበት ብረት ከዳር እስከ ዳር ጋለ። ተማሪው ሳቀ፤ እህታችንም ሳቁ፤ አንዲት የተሳሳተች ቁጥር ሁሉም ቤት እንደምትገባም አስተማሩበት። አባታችን ግን ተቀይመው፣ ከዚያ ወዲህ የልጃቸው ትምህርት ባለበት ዝር አላሉም።

ከእነዚያ ተማሪዎች ብዙዎቹ ዩኒቨርሲቲ ገብተዋል። የሸነኗ ለንሳ ዛሬ እዚሁ አምቦ መምህርት ሆናለች፤ ያለፈውን ክረምት ትምህርትም የመራችው እርሷ ናት።

እህታችን በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ በጉበት ሕመም ታመሙ። አባታችን ሊያስታምሟቸው ጌዶን ለቀው አምቦ ከረሙ። ተማሪዎች ቤት ድረስ እየመጡ አልጋው ዙሪያ ሲማሩ አባታችን በሩ አጠገብ ጀርባቸውን ሰጥተው ይቀመጡ ነበር። አንድ ቀን ትምህርቱ የከብት በሽታ ከጌዶ ገበያ ተነስቶ አዲስ ዓለም እስኪደርስ እንዴት እንደሚዛመት ማስላት ሆነ። አባታችን ዞር አሉ፤ ቆይተውም ወንበራቸውን ሳብ አድርገው ቀረቡ። ገበያው ለአንድ ሳምንት ቢዘጋስ? ብለው ጠየቁ። እህታችን አሰሉላቸው። እርሳቸውም ሌላ ጠየቁ፤ እህታችን እስኪደክማቸው አስረዷቸው። ከዚያ በኋላ አባታችንን ያመለጣቸው ትምህርት የለም።

እህታችን ሆስፒታል በገቡ ጊዜ አንዲት ነርስ የልጃቸውን ሥራ አባታችንን ጠየቀቻቸው። እኛ የለመድነውን መልስ ስንጠብቅ፣ አባታችን እንዲህ አሉ፦ «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ መምህርት ናት። ገና ያልደረሰውን በቁጥር ታየዋለች። እኔ ነበርኩ የዘገየሁት፤ አሁን ገብቶኛል።» እህታችን ዓይናቸውን ገልጠው አባታቸውን ትኩር ብለው አዩአቸው። የአባታቸውንም እጅ ያዙ።

መምህርት ሶረቲ ነሐሴ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ38 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም አርፈዋል። እናትና አባታቸውን፣ ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውንና እኔን ወንድማቸውን ትተው ሄደዋል። አባታችን ትናንት ድንኳን ውስጥ ለቀስተኛውን አጠገባቸው እያስቀመጡ፣ ኮምፒውቴሽናል ሳይንስ ምን እንደሆነ ለእያንዳንዱ ሳይሰለቹ ሲያስረዱ ዋሉ።

እግዚአብሔር የእህታችንን ነፍስ በእቅፉ ያሳርፍልን፤ ልጃቸውን ለሚቀብሩ ወላጆቻችንም ጽናቱን ይስጥልን። አሜን።