የተጠማ እንጨት

እንዴት ነሽልኝ ጓደኛዬ?

አጎቴ «ቅርጽ ያቃተው ቀለም ይለቀልቃል» ብሎ የእንጨት ብዕሬን ከወርክሾፑ አውጥቶ የወረወረበትን ቀን መቼም አትረሺውም። ቀዩ ቀለም ከቀረጽኩት የሐረግ ጌጥ አልፎ እንጨቱን ሁሉ አበላሽቶት ነበር። ይህንኑ እዚህ በመጣሁበት ከተማ ብዕር ለሚሠሩ አንዲት እናት ብነግራቸው ሳቁብኝ።

«ልጄ፣ የተጠማ እንጨት ያገኘውን ይጠጣል። ከቀረጽሽ በኋላ መጀመሪያ ቫርኒሽ አጠጪው፤ ከጠገበ ቀለምሽን አይነካም።»

እንዳሉኝ አደረግሁ፤ ቀለሙን ቀብቼ ትርፉን በጨርቅ ስጠርገው ሐረጉ ብቻ ቀይ ሆኖ ቀረ። ዕቃቸው ደግሞ ከእኛ አይሻልም፤ ጠረጴዛው አንካሳ፣ ብሩሹ መላጣ ነው!

ፖስትካርዱ ላይ ቦታ አለቀብኝ። እማዬን ሳሚልኝ። ለአጎቴም ካርዱን አንብቢለትና የጻፍኩበት ብዕር ያው እሱ የወረወረው መሆኑን ንገሪው፤ በብርጭቆ ወረቀት ፍቄ እንደገና ቀረጽኩት። ደግሞ ቢወረውረው ደግሜ አነሳዋለሁ።