በገዛ እጄ የገለበጥኩት የፍቺ ወረቀት

ሰኞ፣ ኅዳር 7 ቀን 1968

አሁን ደግሞ ባል አለሽ ተባልኩ። አምስት ዓመት ብቻዬን ታምሜ፣ ብቻዬን ጣራ አስጠግኜ፣ ዛሬ የቀበሌው ጸሐፊ በሬ ላይ ቆሞ «ባልሽ እብናት ቤት አለው፤ አዋጁ አንድ ቤተሰብ አንድ ቤት ነው የሚለው» ይለኛል።

ይህ የእናቴ ቤት ነው። የተወለድኩት እዚሁ ደብረ ታቦር ነው፤ አያሌውን ጥዬ ስወጣም የተመለስኩት ወደዚሁ ነው። የስፌት መኪናዬ እዚህ፣ እንጀራዬም እዚሁ።

ተፋትተናል እኮ፣ አልኩት። የዕድሩን መዝገብ አሳየኝ። «ወይዘሮ ጥሩነሽ፣ የአቶ አያሌው ባለቤት» ይላል። ማንም አልሰረዘውም። የፍርድ ቤቱን ወረቀት እስከ እሑዱ ስብሰባ ካላመጣሁ ቤቱ ትርፍ ቤት ተብሎ ይመዘገባል፤ እኔም እብናት ባሌ ዘንድ እገባለሁ ማለት ነው። ከሁለተኛዋ ሚስቱ ጋር ተራ ልንይዝ።

ወረቀቱ እኔ ዘንድ የለም። ያኔ ከአያሌው ጋር በምንኖርበት በገሳይ መንደር ሽማግሌዎቹ ጻፉ፣ አውራ ጣቴን ቀለም አስነክተው አስፈረሙኝ፣ ፍርድ ቤት ያጸድቀዋል ብለው ይዘውት ሄዱ። ማንበብ አልችልም ነበር። ለእኔስ አንድ ቅጂ ብዬ መጠየቅም አላወቅሁ።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 8

በጠዋት አውራጃ ፍርድ ቤት። ማመልከቻዬን ራሴ ጻፍኩ። በር ላይ ተቀምጦ ለሰው ማመልከቻ የሚጽፈው ራፖር ጸሐፊ ቅር አለው፣ ይበለው። የማታ ትምህርት የገባሁት ከፍቺው በኋላ ነው። ሴትዮዋ ባሏን ፈታ ተማሪ ሆነች ብለው ሲስቁብኝ የነበሩት ዛሬ ደብዳቤ አንብቢልን እያሉ ይመጣሉ።

መዝገብ ቤቱን የያዙት አቶ ሞገስ ናቸው። ሽማግሌ፣ ቀስ ያሉ ሰው፣ የመነጽራቸው አንድ እግር ክር ነው። መዝገቡ የተደራጀው በባል ስም ነው አሉኝ። «አ»ን ገለጡ። የ1963 የለም። የ62 የለም። የ64ም የለም።

«ምናልባት ሽማግሌዎችሽ ጭራሽ አላስገቡት ይሆናል» አሉ።

ካላስገቡት አልተፋታሁም። ካልተፋታሁ የአያሌው ሚስት ነኝ። አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 9

ዛሬም እዚያው። አቶ ሞገስን ለምኜ በእኔም ስም አስፈለግሁ። «ጥ» ስር ያለችው አንዲት ጥሩወርቅ ናት፣ የበሬ ክርክር። ምናልባት በገሳይ ስም ብዬ «ገ»ንም አስገለጥኩ። ሰውዬው አልተቆጡኝም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

የሦስት ሰው ዩኒፎርም ሳልሰፋ ቀረሁ። ደንበኞቼ አኮረፉ።

አያሌው ጋ ሄደሽ በቃሉ ያረጋግጥልሽ የሚሉኝ አሉ። ሞቼ ነው። ልጄ በሞተ በዓመቱ እብናት ሌላ ሴት ያስቀመጠ ሰው፣ እሱ ደጅ ቆሜ ፈትተኸኛል በልልኝ ልለው? ቤቱ ይቅርብኝ። አይ፣ ቤቱስ አይቅርብኝ።

ነገ ገሳይ እሄዳለሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 10

እህል ጫኝ መኪና ላይ ከኋላ ተሳፍሬ ሄድኩ። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል። ገብሱ እየታጨደ ነው።

አባ ክንፈን ቤታቸው አገኘኋቸው። የእኔም የአያሌውም የነፍስ አባት ነበሩ፤ ለፍቺው የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢም ጸሐፊም እሳቸው። ዓይናቸው ጠፍቷል ማለት ይቻላል። በድምፄ ነው የለዩኝ። «ወለተ ሥላሴ፣ አንቺ ነሽ?» አሉኝ። በዚያ ስም የሚጠራኝ ሰው ከእሳቸው ሌላ የክርስትና እናቴ ብቻ ናት።

ወረቀቱ ጠፋ ስላቸው ተገረሙ። በእጃቸው ጽፈው፣ በእግራቸው ደብረ ታቦር ሄደው፣ ራሳቸው እንዳስገቡት ማሉልኝ። በአያሌው ፈለግን፣ በጥሩነሽ ፈለግን፣ የለም አልኳቸው።

«ክርስቲያን በክርስትና ስሙ ነው እንጂ በዓለም ስሙ ይጻፋል እንዴ? እሱን ኃይለ ሚካኤል፣ አንቺን ወለተ ሥላሴ ብዬ ነው የጻፍኩት» አሉኝ።

ለሙት ፍትሐት ስም እንደሚያስገቡ አድርገው የቁም ሰው ፍቺ አስገብተውልኛል። ልስቅም ላለቅስም አማረኝ።

ቆሎ አቀረቡልኝ። ስወጣ «በሰላም ነው ያለያየኋችሁ፤ ማንንም የሚያስቀይም ቃል አላስገባሁበትም» አሉ። መስቀላቸውን ተሳልሜ ወጣሁ።

በቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ አለፍኩ፤ ታደለ ያለው እዚያ ነው። ስምንት ወሩ ነበር፣ ሳል ነው የወሰደው። ያጠመቁትም ሲሞት ፍትሐት ያደረሱለትም እኒሁ አባ ክንፈ ናቸው። ድንጋዩን ሣር ውጦታል። መኪናው ጥሩንባ እስኪነፋ ድረስ ስነቅል ቆየሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 11

ተገኘ። አቶ ሞገስ «ኃ»ን ገለጡና ሁለተኛው ገጽ ላይ ጣታቸውን አሳረፉ። እሰይ አልኩ፣ እጃቸውን ልስም ምንም አልቀረኝ።

ዋናው አይወጣም፣ የሚሰጠው ግልባጭ ነው። ታይፒስቷ ለቅሶ ሄዳለች፤ ሰኞ ነው የምትመጣው። «ፊደል ታውቂ የለም? ራስሽ ገልብጪው፤ ከዋናው ጋር አመሳክሬ ማኅተም አደርግበታለሁ» አሉኝ። ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጡኝ። እንዴት እንደ ኮራሁ። በጣቴ የፈረምኩትን ወረቀት ዛሬ በብዕር ልገለብጠው ተቀመጥኩ።

የአባ ክንፈ ጽሕፈት የታወቀ ነው፣ ቁም ጽሕፈት፤ የሥላሴን ስም በቀይ ቀለም። ስድስት መስመር ጻፍኩ። ሰባተኛው ላይ እጄ ቆመ።

«ሴቲቱ መካን ስለሆነች፣ ይህንንም በራሷ አንደበት ስላመነች፣ ባልየው ዘር ፍለጋ ሌላ ቢያገባ አይፈረድበትም ብለን በሰላም አለያይተናል።»

ሥሩ ላይ የእኔ አውራ ጣት።

ያኔ ሽማግሌዎቹ ፊት ምን እንዳልኩ አንድ በአንድ አስታውሳለሁ። ሌላ ሴት አስቀምጦብኛል፣ አብሬው አልኖርም ነው ያልኩት። ሁለት ጊዜ ነው ያልኩት። አባ ክንፈ ራሳቸውን እየነቀነቁ ይጽፉ ነበር፤ የእኔን ቃል የሚጽፉ መስሎኝ ነበር። ልጄን በእጃቸው አጥምቀው፣ በእጃቸው ቀብረው፣ በዚያው እጃቸው መካን ብለው ጻፉኝ። ትናንት ደግሞ ቆሎ አበሉኝ።

መስመሩን ዘለልኩት። ጨርሼ ሰጠኋቸው። አቶ ሞገስ በማስመሪያ እያስደገፉ አመሳከሩና ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ ቆሙ። «እዚህ ዘለሽ።»

ውሸት ነው፣ ወልጃለሁ አልኳቸው። መነጽራቸውን አወለቁ። እውነትና ውሸቱን እሳቸው እንደማያዩ፣ ግልባጭ ማለት እንዳለ ማለት እንደሆነ፣ ማስቀየር ከፈለግሁ ክስ መክፈት እንደምችል ነገሩኝ። ስንት ጊዜ ይፈጃል? ሽማግሌዎቹ ተጠርተው፣ ቀጠሮው ተቀጥሮ፣ ቢያንስ ዓመት ነው።

ስብሰባው ግን እሑድ ነው። ሌላ ወረቀት ሰጡኝ። መካን የሚለውን በገዛ እጄ ጻፍኩት። ጽሕፈቴ እንኳ አልተበላሸም፣ ቆንጆ ሆኖ ወጣ። ማኅተሙን መቱበት።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 12

ሚካኤል ነው፤ አልሄድኩም። ሰፈሩ ሁሉ ጓሮውን ጠርጎ ቆሻሻ ያቃጥላል። ጭሱ መንደሩን ሸፍኖታል።

እኔም ጠረግሁ። የጨርቅ ቁራጭ፣ የዓመት ገለባ፣ የተቀደደ ሰሌን። ወረቀቱን ይዤ እሳቱ ዳር ቆምኩ። ባቃጥለው ቤቱ ይሄዳል። ባላቃጥለው ነገ መቶ ሰው ፊት ይነበባል። ጎረቤቶቼ መውለዴን አያውቁም፤ ገሳይ ወልጄ ገሳይ ቀብሬ ነው የመጣሁት። ታደለ ብዬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም፣ አያስችለኝም ነበር። ዝም ማለቴ ይኸው ለሽማግሌዎቹ ምስክር ሆነላቸው።

ቆሻሻው አልቆ እሳቱ ሲበርድ ወረቀቱን አጥፌ ደረቴ ውስጥ ከተትኩት።

እሑድ፣ ኅዳር 13

ስብሰባው ሜዳው ላይ ነበር። ተራዬ ሲደርስ ጸሐፊው ወረቀቱን ተቀበለኝ፣ ቆሞ ጮክ ብሎ አነበበ። ወለተ ሥላሴ ማን ናት ተባለ። የክርስትና እናቴ እትዬ ብርቄ ከሴቶቹ መሃል ተነሥታ «እሷው ናት፣ ክርስትና ያነሣኋት እኔ ነኝ» አለች። ጸሐፊው ቀጠለ። ሰባተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አደረገ፣ ግን አነበበው። ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ ሳብ አደረጉ። ከኋላ አንዷ «እኔን» ስትል ሰማሁ። ያንን «እኔን» መሬት ተከፍታ ብትውጥልኝ።

እጄን አወጣሁ። ሊቀ መንበሩ ስለ ቤቱ ከሆነ ተናገሪ አሉኝ። ስለ ልጄ ነው አልኩ። ግር አላቸው። «እሱ አጀንዳችን አይደለም፣ ቤቱ ያንቺ ነው፤ ተቀመጪ» አሉኝ። አልተቀመጥኩም። ወንድ ልጅ ወልጃለሁ፣ ወረቀቱ ይዋሻል አልኩ። ጸሐፊው ወረቀቱን እያየ «የእጅ ጽሕፈቱ ግን ያንቺ አይደለም እንዴ?» አለኝ። ማመልከቻዎቼን ስለሚያነብ ያውቀዋል። አዎ፣ የእኔ ነው አልኩት። ተቀመጥኩ።

ቤቱ በስሜ ተመዘገበ፣ በጥሩነሽ። ሌላ ቀን ቢሆን ደስ ይለኝ ነበር።

እትዬ ብርቄ እስከ ቤት ሸኘችኝ። በር ላይ ስንደርስ ስሙ ማን ነበር አለችኝ። ነገርኳት። ከዚያ በፊት የጠየቀኝ ሰው የለም።

ፊደል ከቆጠርኩ አራት ዓመቴ ነው። በዚህ እጅ ማመልከቻ ጽፌያለሁ፣ የሰው ደብዳቤ ጽፌያለሁ፣ ዓርብ ዕለት ደግሞ መካን ብዬ ጽፌያለሁ። የእሱን ስም ግን አንድ ቀን ጽፌው አላውቅም ነበር። አሁን ልጻፈው። ታደለ አያሌው። እናቱ ጥሩነሽ።

ክሱን እከፍታለሁ ወይስ አልከፍትም፣ ገና አላወቅሁም። ማመልከቻው እንደሆነ መጻፉ አያቅተኝም።