የሚያስረሳው ሾርባ

ውድ አባዬ፣

እማዬ ሳቀች። ሌላውን ሁሉ ትቼ ከዚህ ልጀምርልህ። አንተ ከሄድክ ወዲህ ድምፅዋ ጠፍቶብኝ ነበር። ስምህን ካነሳሁባት ብድግ ትልና ማድ ቤት ገብታ የታጠበ ብርጭቆ መልሳ ታጥባለች። እኔም ፈርቼ ተውኩት፤ እሷም ዝም፣ እኔም ዝም፣ ቤቱም ዝም።

የምሠራበት ሴራሚክ ፋብሪካ ውስጥ ምድጃውን የሚጠግን ቻይናዊ አለ። ከቋንቋችን መጀመሪያ የያዘው ቃል «ቀስ በሉ» ስለሆነ ስሙም እሱው ሆኖ ቀረ። እሁድ ከሰዓት ከአገሩ ልጆች ጋር መመገቢያ አዳራሹ ውስጥ ፊልም ያያሉ። «የድሮ አማልክት ተረት፣ ግን በጣም ሳቅ። እናት ይዘሽ ነዪ» አለኝ። እማዬ እንዴት እሺ እንዳለችኝ እስካሁን አልገባኝም።

መጋረጃው ተዘጋና ነጩ ግድግዳ ላይ ደመና ይንሳፈፍ ጀመር። ጢሙ እግሩ ድረስ የወረደ አምላክ ደመናውን ይጋልባል፤ ደመናው መሀል ሰማይ ላይ ቀጥ ሲልበት ወርዶ ከኋላ ይገፋዋል። የሚነበብ ትርጉም የለው፣ ንግግሩ አይገባን። እነሱ ሲስቁ እኛ እነሱን አይተን ዘግይተን ፈገግ እንላለን። ተሳስተን የማናውቀው ሰው ሠርግ ላይ የገባን መሰለኝ። ግን ደስ ይላል፤ ውሃ ላይ የተኛሁ ያህል ሰውነቴ ቀለለኝ።

ከዚያ ጭጋግ የዋጠው ድልድይ መጣ። ሰዎች ተሰልፈዋል፤ አንዲት አሮጊት ከትልቅ ድስት በጭልፋ ሾርባ ትቀዳላቸዋለች። አንድ ሽማግሌ ግን አልጠጣም ብሎ ከሰው ጀርባ ይሸጎጣል፤ የተቀዳለትን እጅጌው ውስጥ ይደፋዋል።

«ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚሸሸው?» አለች እማዬ።

ቀስ በሉ ወደ እኛ ዘንበል አለ። «ሰው ሞተ፣ ድልድይ መጣ። ሾርባ ጠጣ፣ ሁሉ ረሳ። ሚስት ረሳ፣ ልጅ ረሳ። እሱ መርሳት እምቢ።»

ምነው ባላመጣኋት አልኩ። እጇን ልይዝ ስል፣ ዓይኗን ከግድግዳው ሳትነቅል፣

«አባትሽ ቢሆን መደበቅም አያስፈልገው። ‹ጨው የለውም› ብሎ ይመልስላት ነበር!» አለች።

ከዚያማ ሳቀች፣ አባዬ! አፏን በመዳፏ ይዛ፣ ትከሻዋ እየተንቀጠቀጠ፣ እንባዋ እየወረደ። ቀስ በሉ ምን እንዳለች ጠየቀኝ፤ ነገርኩት፤ እሱ ደግሞ ለጓደኞቹ ነገራቸው። አዳራሹ ሙሉ በአንተ ሳቀ።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጋ ስለ አንተ ስታወራ መጣች። የማታዋ ፀሐይ መስኮቱን ወርቅ አልብሳዋለች፤ መንገዱ ባያልቅ ብዬ ተመኘሁ። ድንገት ቀና አለችና፣

«ጠጥቶት ቢሆንስ?» አለችኝ።

«እንግዲህ ስንሄድ አያውቀንማ» አልኩ።

«ይሁና። እንደ አዲስ እተዋወቀዋለሁ። ድሮስ ቀድሜ ያናገርኩት እኔ አይደለሁ?»

አባዬ! አንተ ስትነግረን የኖርከው እኮ ሌላ ነው! እኔ እሷን አምኛለሁ። እከራከራለሁ ካልክ በሕልሜ ና፤ ተቀምጠን እንነጋገራለን።

ለጊዜው የእማዬን ወገን የያዘችው
ልጅህ