ባለ ቀይ ራስ ስፒሎች

ሰኞ፣ ሚያዝያ 6

ሙቀቱ አላስቀምጥ አለ። የስፌት መኪናዬን በረንዳ ላይ አወጣሁ። እጅጌ ስገጥም አንዲት አረንጓዴ ነገር ክንዴ ላይ አርፋ ላቤን ትልስ ጀመር። ላባርራት ስል... አረንጓዴነቷ! የሙሽራ ቀሚስ ላይ የምሰፋው ፈርጥ እንኳ እንዲህ አያብለጨልጭም።

"እታለም፣ ነይ እስኪ ጉድ እይ!" ብዬ ታላቅ እህቴን ጠራሁ። ብቅ አለች። "ዝንብ ነዋ! አንቺ ደግሞ የማያስደንቅሽ የለም" ብላ ተመለሰች።

ዝንብ ላብ ይልሳል እንዴ?

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 8

አንዷን በብርጭቆ ከደንኩና በማጉያ መነጽር አየኋት። መስኮት ላይ የሞተ ዝንብ አምጥቼ አጠገቧ አስቀመጥኩ። የዝንቡ ክንፍ ሁለት፣ የእሷ አራት። የኋላ እግሮቿ ላይ ቢጫ የአበባ ዱቄት... ለቀቅኳትና ተከተልኳት። ከጽጌረዳው ሥር፣ ባዶው መሬት ላይ፣ እርሳስ በማያስገባ ቀዳዳ ገባች። ተንበርክኬ ስፈልግ አሥራ አንድ ቀዳዳ አገኘሁ! እንዳይረገጡ በየአጠገባቸው ባለ ቀይ ራስ ስፒል ተከልኩ።

ከሰዓት ሱሪ ሊያሳጥር የመጣው የግብርና መምህር በስልኩ ፎቶ አነሳቸው። "አጣርቼ እነግርዎታለሁ" አለ።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 11

እንደገና የሲሚንቶ ነገር። የእታለም ልጅ መኪና ገዝቷል፤ አትክልቱ ተነስቶ ግቢው ሲሚንቶ ይሁን ትላለች። ቤቱ ከአባታችን የቀረልን የሁለታችን ነው፤ እኔ እሺ ካላልኩ አይሆንም። ዛሬ ግን መጨቃጨቁ ሰለቸኝ። ተስማማን፦ መምህሩ ዝንብ ናቸው ካለ ሲሚንቶ፣ ንብ ናቸው ካለ አትክልቱ አይነካም።

"የአባዬ አጥንት ይፋረደኝ፣ እስከዚያ አልነካቸውም" አለች። ከዚያ ጎንበስ ብላ "የት የት ናቸው? እንዳልረግጣቸው" አለችኝ። አንድ በአንድ አሳየኋት። ሁለታችንም ጉልበታችን አፈር በአፈር ሆነ፤ ሳቅን። እንዲህ አብረን ከሳቅን ስንት ጊዜያችን...

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 14

ክር ልገዛ ወጥቼ ስመለስ "መምህሩ አልመጣም?" አልኳት። "ማንም አልመጣም።"

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 16

የሙሽራዋን ቀሚስ አድርሼ ስመለስ ግቢው ነጭ ጋዝ ይሸታል። ጽጌረዳው ሥር መሬቱ ርሷል። ስፒሎቹ የሉም።

የስፒል ቆርቆሮዬን ከፈትኩ። ታጥበው፣ ተጠርገው፣ ውስጡ ተቀምጠዋል። አሥራ አንድ።

"ዝንብ እኮ ናቸው" አለች ሽንኩርት እየላጠች። "መምህሩም እንደወጣ ቀረ። እስከ መቼ እንጠብቅ?"

ቸኩላ ነው... ዝንብ መስለዋት ነው። ምናልባትም ናቸው። እንዲህ እያልኩ ራሴን ሳጽናና ዋልኩ።

ሰኞ፣ ሚያዝያ 20

መምህሩ ሱሪውን ሊወስድ መጣ። ገና ከበሩ "ንቦችዎ እንዴት ናቸው?" አለኝ።

"ንቦች?"

"ማክሰኞ ለእህትዎ ነግሬያቸው ነበር እኮ! ላብ የሚልሱ ንቦች ናቸው። ማር የላቸውም፤ እያንዳንዷ የራሷን ጉድጓድ ቆፍራ ልጆቿን እዚያ ታሳድጋለች። መሬቱን አትንኩት አልኳቸው። 'እሺ፣ እነግራታለሁ' ብለውኝ..."

ሱሪውን አጣጥፌ ሰጠሁት።

አውቃ ነው! ዝንብ መስለዋት ቢሆን እኮ እተወው ነበር። አውቃ፣ ሁለት ቀን ዓይን ዓይኔን እያየች ምሳ በልታ፣ እኔው በተከልኩላት ምልክት እየተመራች። ያለ ስፒሎቹ አንዷንም አታገኝም ነበር።

"ማክሰኞ ማን መጣ?" አልኳት። "ለነፍሳት ብለሽ ከእህትሽ ልትጣዪ ነው?" አለች።

ለነፍሳት ነው? ከዳችኝ፤ ሌላ ቃል የለኝም።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 25

ግንበኛ ይዛ መጣች። በሩ ላይ ቆሜ "አልፈቅድም" አልኩ። "ንብ የለ፣ ምን ልትጠብቂ ነው?" አለች። ግንበኛው ሜትሩን ኪሱ ከትቶ ሄደ።

እሑድ፣ ግንቦት 3

ላብ አጥምቆኝ ስሠራ አንዲት አረንጓዴ ክንዴ ላይ አረፈች። አንድ ተርፋለች!

"እታለ..." ብዬ አፌን ከፈትኩ። መልሼ ዘጋሁት።

እስክትጠግብ አልተንቀሳቀስኩም። ስትበር ተከተልኳት፤ ጉድጓዷን አገኘሁ። ስፒል አልተከልኩም።

ይህ ደብተር የሚቀመጥበት መሳቢያ ቁልፍ የለውም። የት እንደሆነች እዚህም አልጽፍም።