ግዴለሽነት ያልኩት ዳፍንት ነበር

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰንብተሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ? ባለቤትሽ የሌሊት ፈረቃው ቀረለት? አማትሽስ በምርኩዝም ቢሆን መራመድ ጀመሩ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። «ሁላችንም ደኅና ነን» የሚለውን የለመድነውን ቃል ግን ዛሬ ልጽፈው አልቻልኩም።

የልጅሽ የግራ ዓይን ጠፍቷል። የቀኙ ተርፏል።

ከኩፍኙ እንዳገገመች ተቅማጥ ያዛት። ሆዷን እንዳያውክባት ብዬ ወተቱንም፣ እንቁላሉንም፣ ጎመኑንም ከለከልኳት። ተቅማጡ ከቆመም በኋላ ለወራት ነጭ ሩዝና ዳቦ በሻይ ብቻ ሰጠኋት። ከዚያ ሲመሽ ከበርጩማው ጋር ትጋጭ፣ ኩባያዋን በዳበሳ ትፈልግ ጀመር። ግዴለሽነት መሰለኝ። ታውቂኝ የለም፤ አካሄድ እንድትማር ከበሩ እስከ አልጋው ሦስት ጊዜ አመላለስኳት። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ «ይቺ ልጅ ዶሮ ናት እንዴ፣ ፀሐይ ስትገባ የምትሰፍረው?» ብላ ስትቀልድ አብሬ ሳቅሁ።

ዓይኗ ደርቆ እንደ አረፋ ያለ ነጭ ነገር ሲይዝ በቀዘቀዘ ሻይ አጠብኩት። ጤና ጣቢያ የወሰድኳት ብርሃን አላይም ብላ ፊቷን ስትሸፍን ነው። ነርሷ የምትበላውን ጠየቀችኝ፤ ንጹሕ ምግብ መሆኑን ኮራ ብዬ ነገርኳት። «እማማ፣ ቫይታሚን ኤ አጥታ ነው። ዳፍንት ይዟት ሲመሽ አትደናበርም ነበር?» አለችኝ። ትደናበር እንደነበር፣ እኔም እቀጣት እንደነበር መለስኩላት። የቫይታሚኑን እንክብል ጫፍ በመቀስ ቆርጣ ዘይቱን የልጅቷ አፍ ውስጥ ጨመቀችላት። በማግስቱም፣ ከሁለት ሳምንት በኋላም እንዲሁ አደረገች። ቀኙ በዚያ ዳነ። የግራው ቀድሞ ቆስሎ ስለነበር ነጭ ሆኖ ቀረ።

ልብስ ሰፊዋ «እትዬ፣ ወድቃ ነው ብለው ይጻፉላት፤ በሰው አገር አንጀቷን ለምን ያሳርሯታል» ብላኝ ነበር። ልጅቷ አልወደቀችም። አላለቀስኩም፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም። እንቁላል እቀቅላለሁ፣ ካሮት እፈጫለሁ፣ ዕቃ አጥባለሁ፤ ቀኑ ይመሻል።

እኔ ዘንድ ትቆይ ወይስ ትውሰጃት፣ ውሳኔው የአንቺ ነው። ልውሰዳት ካልሽ ልብሷን አጣጥፌ አዘጋጃለሁ፤ ክርክር አላነሣም።

ባለቤትሽንና አማትሽን ሰላም በይልኝ። ሕፃኑን ሳሚልኝ፤ ምግብ ሲጀምር እንቁላልና ጎመን አትንፈጊው። ልጅሽ ሁላችሁንም ሰላም ብላለች፤ ፎቶግራፍሽንም ትፈልጋለች። ስትልኪ ተለቅ ያለ ይሁን።

እናትሽ
ከቤታችን፣ ማክሰኞ፣ የካቲት ፲፩ ቀን