ከማሴጎ ሳይሆን ከእኔ

ካንዬ፣ ጁላይ 12 ቀን

የማህፀኔ ፍሬ ሞዲሴ፣

እንዴት ነህ? ብርዱ፣ ሳሉ፣ የማዕድን ጉድጓዱ ሥራ እንዴት ይዞሃል? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። የምጽፍልህ ስልክ አጥቼ አይደለም። ድምፅህን ከሰማሁ እዋሻለሁ፤ ራሴን አውቃታለሁ።

እህትህ ጎሴጎ እኔ ዘንድ ልትታረስ እንደመጣች ታውቃለህ። የዛሬ አምስት ሳምንት ረፋዱ ላይ ሕፃኑን አጥቤ፣ ጠቅልዬ አስተኛሁት። ጎሴጎ ልብስ ታሰጣለች። ገንፎውን አማስዬ ስመለስ ከንፈሩ ጠቁሯል። ባነሣው እጁ እንደ ጨርቅ ተንጠለጠለ። ጮህኩ። ጎረቤታችን ነርሷ ባሌሴንግ ሮጣ መጥታ ደረቱን በሁለት ጣቷ እየተጫነች፣ እየተነፈሰችለት መለሰችው። ተርፏል፣ አትደንግጥ።

እኔ ግን በእሱ ፊት ላይ ያየሁት ካቦን ነው። ከዚያም ሌሴዲን። ሁለቱ ልጆችህ በሦስተኛ ወራቸው ሲሞቱብህ እንዲሁ ነበሩ። ትኩሳት የለ፣ ሳል የለ፤ ጠግበው እንደተኙ ቀሩ። ይህኛውን ግን ሚስትህ አልነካችውም። ማሴጎ ሞሹፓ እናቷ ቤት ናት፤ እኔው ነኝ ያባረርኳት።

ሆስፒታል የሕፃኑን የልብ ምት ደረቱ ላይ በለጠፉት ሽቦ አነሡት። ቀጥሎ የጎሴጎን፣ ቀጥሎ የእኔን። ደማችንም ሩቅ ተልኮ መልሱ ባለፈው ሳምንት መጣ። ሞላፒሲ የምትባለው ወጣት ዶክተር አስቀምጣ አስረዳችኝ።

«እማማ፣ ልብን የሚያስመታ እንደ ኤሌክትሪክ ያለ ኃይል አለ። በእናንተ ቤት ልብ አንዴ ከመታ በኋላ ለሚቀጥለው ምት ለመዘጋጀት ይዘገያል። አንዳንዴ በዚያ መሀል ይደናበርና ይቆማል። በዘር የሚተላለፍ ነው፤ አንዱ ልጅ ይወርሰዋል፣ ሌላውን ያልፈዋል።»

«የሞቱትን የልጅ ልጆቼንስ የገደላቸው ይኸው ነው?»

«እርግጠኛ ነኝ አልልም። ሕፃን በእንቅልፉ የሚሞትበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ገና ያልታወቀም አለ። የእነሱ ደም ደግሞ አልተመረመረም። ግን ልጅሽ ከአንቺ ወርሶ ከሆነ፣ መጀመሪያ የምጠረጥረው ይህንኑ ነው።» ከዚያ ብዕሯን አንሥታ «አንቺ ራስሽ ከልጅሽ በፊት ወልደሽ የሞተብሽ ሕፃን ነበር?» አለችኝ።

«የለም» አልኳት።

ነበረ፣ ሞዲሴ። በኩሬ እያልኩ አሳደግኩህ፤ አይደለህም። አባትህን ሳላገባ፣ ሎባትሴ ሰው ቤት ተቀጥሬ ሳለሁ ሴት ልጅ ወልጄ ነበር። በሁለት ወሯ አንድ ጠዋት ቀዝቅዛ አገኘኋት። አባትህ ይህን ሳያውቅ ሞተ። እንግዲህ ካቦ ሲሞት የሞቱን ዓይነት አውቀው ነበር። አውቄው ነው በመንደሩ ሸንጎ ፊት ቆሜ «ይህች ሴት ተኝታ ልጆቿን ትጫናለች፤ ካልሆነም እጇ ንጹሕ አይደለም» ያልኩት። አንተም አንገትህን ደፍተህ ወደ ሥራህ ሄድክ።

ጎሴጎ የምርመራውን ወረቀት ካየች ወዲህ እግሬ ሥር ናት። «እማዬ፣ በእግዚአብሔር ዝም በይ! አማቴ ከሰማች አንቺ ማሴጎን ያደረግሻትን ታደርገኛለች!» ብናገር የአንዷን ትዳር ላፈርስ ነው፤ ዝም ብል የሌላዋ እንደፈረሰ ሊቀር። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ሴቶቹ «አይዞሽ፣ ያቺ ርጉም!» እያሉ ቦታ ይለቁልኛል። እኔም እቀመጣለሁ።

ማክሰኞ ሞሹፓ ሄድኩ። ማሴጎ እስከ አጥሩ በር መጣች። ሆዷ ገፍቷል፤ ስድስት ወሯ ነው። ለገና መጥተህ የት ታድር እንደነበር አሁን ገባኝ። ከእኔ በመደበቃችሁ ደግ አደረጋችሁ።

እዚያው ደጅ ላይ ሁሉንም ነገርኳት። «እኔ እኮ ራሴን ጠርጥሬ ነበር» አለች። «እውነት ተኝቼ ተጭኛቸው ይሆን እያልኩ። እስከ ዛሬ በጎኔ መተኛት እፈራለሁ።»

ተንበረከክሁ።

«ተነሺ፣ እማማ። እዚህ መንበርከክሽ ምን ያደርግልኛል? ስሜን በሸንጎ ነው ያጠፋሽው፤ በሸንጎ መልሺልኝ።» በሩን አልከፈተችልኝም።

ሸንጎው ሐሙስ ይቀመጣል። እናገራለሁ። ይህን ለጎሴጎ ከነገርኳት ጀምሮ አታናግረኝም፤ ሕፃኑንም አታስይዘኝም።

አንተ ግን ይህ ደብዳቤ እንደደረሰህ ከጉድጓዱ ውጣና ልብህን ታይ። ከባድ ሩጫና ድንገተኛ ድንጋጤ ለእንዲህ ያለ ልብ አይሆንም ብላለች ዶክተሯ። በየቀኑ የሚወሰድ መድኃኒት አለ፤ የጎሴጎ ልጅ ጀምሯል። የምትወልዱትም ገና እንደተወለደ ይመርመር። ለዚያ ጊዜ እዚያ ሁን።

እግዚአብሔር ልብህን ይጠብቅልኝ። ከእኔ የወረስከውን ክፉ እርሱ ያብርድልህ፤ የሚመጣውን ልጅ በአራስ ቤት አያስቀርባችሁ፤ ሽማግሌ ሆኖ ይቅበራችሁ።

ፈቃድ አግኝተህ ስትመጣ በቀጥታ ሞሹፓ ሂድ። በእኔ በኩል ማለፍ የለብህም።

እናትህ ጋሌቦዌ